ፊደላችን ሲያድግና ሲያንስ



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተፈቀደልን ጊዜ፤ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ጓደኞቻችን ብዙዎች መሆናቸውን አይተን፤ እኛ ደግሞ በየቀኑ በዓይናችን ፊት እያለ ታሪኩ እምብዛም ስለማይነገርለት ነገር ለመጻፍ ወሰንን። ይኸውም አንድን ቅርጽ፤ በተለይም ፊደላችንን፤ መልኩ ሳይበላሽ ስለ ማሳደግና ስለ ማሳነስ ነው።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዛሬ በኮምፒዩተር ሥዕል የሚሠራ ተማሪ አንድ ፊደል ጽፎ ማዕዘኑን ይዞ ቢጎትተው ይሰፋል፤ ወደ ውስጥ ቢገፋው ያንሳል። ይሁን እንጂ እዚህ ለመድረስ የብራና ጸሐፊዎች፤ ፊደል ቀራጮችና የሒሳብ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ደክመዋል። ሁሉንም ያስቸገራቸው ጥያቄ አንድ ነበር። አንድ ቅርጽ ሲያድግ ወይም ሲያንስ ምኑ አብሮ ይለወጥ፤ ምኑስ ባለበት ይቅር?

ጥያቄው እንዲገባን ከአካባቢያችን እንነሣ። ከእንጦጦ ተራራ ላይ ሆኖ ወደ የካ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የመገናኛ ትልልቅ ሕንጻዎች የክብሪት ሣጥን ያህል ሆነው ይታዩታል። ርቀት ሁሉን በእኩል ያሳንሳል፤ ቤቱ መቶ ጊዜ ቢያንስ በሩም መቶ ጊዜ ያንሳል፤ መስኮቱም እንደዚሁ። በዚህ ምክንያት ሕንጻው መልኩን አይለውጥም። ነገር ግን ተመልካቹ በሩ መኖሩን ያያል እንጂ የበሩን እጀታ አያይም። እንግዲህ በእኩል ማሳነስ መልክን ይጠብቃል፤ ዝርዝርን ግን ያጠፋል ማለት ነው። ለሕንጻ ይህ ምንም አይደለም። ፊደል ግን ትርጉሙ ያለው በዝርዝሩ ላይ ስለ ሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን አስቀድመው የተረዱት የብራና ጸሐፊዎች ናቸው። ጸሐፊው ቆዳውን ፍቆና አለስልሶ ካዘጋጀ በኋላ የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል፤ ከዚያም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በወስፌው ጫፍ እየጫረ ያሰምራል። የፊደሉ ቁመት የሚወሰነው በዚህ መስመር ነው። የፊደሉን ውፍረት የሚወስነው ግን መስመሩ ሳይሆን የሚጽፍበት መቃ ነው። የመቃው ጫፍ ሰፊ ሆኖ ከተቀረጸ ጭረቱ ወፍራም፤ ጠባብ ሆኖ ከተቀረጸ ጭረቱ ቀጭን ይሆናል። በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ለሚነበብ ትልቅ ወንጌል አንድ ዐይነት መቃ፤ በማኅደር ተደርጎ በትከሻ ለሚንጠለጠል ትንሽ ዳዊት ደግሞ ሌላ ዐይነት መቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጸሐፊው ፊደሉን ሲያሳንስ ሁለት ነገር ለየብቻው ያስባል፤ አንደኛ ቁመቱን፤ ሁለተኛ የጭረቱን ውፍረት። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ክፍት ቦታ በቀለም እንዳይዘጋ የሚጠነቀቀው በዚህ ጥበብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ. ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም በታነጸችበት ዘመንም በአገራችን መጽሐፍ ይጻፍ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አኳኋን ነበር።

ፊደላችን በብረት ተቀርጾ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ግን ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ በባሕር ማዶ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የጀርመን አገር ካህን ወደ ሮም ሄዶ ሳለ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በግእዝ ሲጸልዩ ሰማ። ከመካከላቸውም ከኢየሩሳሌም የመጣው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ቋንቋውን አስተማረው። ፖትከንም ማርሴሉስ ዚልበር በሚባለው አታሚ ቤት መዝሙረ ዳዊትን እ. ኤ. አ. በ1513 በግእዝ አሳተመ። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳውያን» ብሎ በመሰየሙ ተሳስቷል፤ ሥራው ግን ታላቅ ሥራ ነበር። ኋላም አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው እ. ኤ. አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በዚያው በሮም በግእዝ አሳተሙ።

በዚያ ዘመን የኅትመት ፊደል የሚሠራው እንዲህ ነበር። ቀራጩ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ አንዱን ፊደል ተገልብጦ እንዲታይ አድርጎ ይቀርጻል፤ ብረቱን በመዳብ ላይ መትቶ ጉድጓድ ያወጣል፤ በጉድጓዱም ላይ እርሳስ እያቀለጠ ያፈስስበታል። ከዚህ የሚወጣው የእርሳስ ፊደል አንድ መጠን ብቻ ነው፤ አይለጠጥም፤ አይሰበሰብም። ለርእስ ተለቅ ያለ ፊደል ያስፈለገው ሰው ሁሉንም እንደ ገና ከመጀመሪያው ማስቀረጽ ነበረበት።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የላቲን ፊደል 26 ነው፤ ትልቁና ትንሹ ሲቆጠር 52 ይሆናል። የእኛ ፊደል 33 ሆሄያት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተቆጠሩም። ሦስት መጠን ያለው ፊደል ለማዘጋጀት ላቲኑ 156 ቅርጾች ሲበቁት የእኛው 693 ይፈልጋል። በኅትመት ዘመን የአማርኛ ፊደል በመጠንና በዐይነት ከላቲኑ ያነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ወጪ ነው ብለን እናምናለን።

በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ. ም. ሲቋቋም ይህ ችግር አብሮ መጣ። ፊደል ለቃሚ የሚባለው ሠራተኛ ከፊቱ በተደረደሩት ሣጥኖች ውስጥ ፊደሉን አንድ በአንድ በእጁ እየለቀመ መስመሩን ይሠራ ነበር። ለጋዜጣው ርእስ አንድ ሣጥን፤ ለዋናው ጽሑፍ ሌላ ሣጥን ያስፈልጋል። ፊደል ለቃሚው የሌለውን መጠን ሊፈጥር አይችልም፤ ካለው ይመርጣል እንጂ። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ ደግሞ ምርጫው ከዚህም ጠበበ። መኪናው አንድ መጠን ብቻ ስላለው ጸሐፊዋ ርእሱን ጎላ ለማድረግ ስትፈልግ ፊደሎቹን አራርቃ ከመጻፍ ወይም ከሥራቸው ከማስመር በቀር ሌላ ዘዴ አልነበራትም።

ከዚህ ጥበት የሚያወጣው መንገድ በመጀመሪያ የተከፈተው በአሜሪካ አገር ነው። ሊን ቦይድ ቤንተን የተባለ ሰው እ. ኤ. አ. በ1885 ፊደል የሚቀርጽ መኪና ሠራ። የመኪናው አሠራር ፓንቶግራፍ ከሚባለው መሣሪያ የተወሰደ ነው። ይህም እርስ በርሳቸው የተያያዙ ዘንጎች ያሉት ሆኖ፤ አንደኛው ጫፍ በትልቅ ሥዕል ላይ ሲሄድ ሌላው ጫፍ ያንኑ መንገድ በትንሹ ይሄዳል። በመኪናው አንድ ትልቅ ሥዕል ከተሠራ በኋላ ብዙ መጠኖች ከዚያው ይቀረጹ ዠመር። ጥቅሙ ብዙ ነበር፤ ጉዳትም አላጣውም። ዱሮ እያንዳንዱን መጠን በዓይኑ እየመዘነ ለየብቻው ይቀርጽ የነበረው ሠራተኛ ለትንሹ ፊደል ክፍቱን ሰፋ፤ ቀጭኑን ጭረት ወፈር ያደርግለት ነበር። መኪናው ግን ካልታዘዘ በቀር እንደ ርቀት ሁሉን በእኩል ያሳንሳል።

ወደ ኮምፒዩተር ዘመን ስንመጣ ሁለት ዐይነት ሥዕሎችን ለይተን ማወቅ ያስፈልገናል። አንደኛው በነጠብጣብ የተሠራ ሥዕል ነው፤ ፎቶግራፍ ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው በመስመር የተሠራ ሥዕል ነው፤ ቬክተር የሚባለውም ይኸው ነው። ልዩነታቸውን ለማስረዳት ከዚሁ ከተራራችን ምሳሌ እንውሰድ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ. ም. ከቻይና ምድር አምጥቃ ነበር፤ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያም በእንጦጦ ተሠርቶ ነበር። ሳተላይቷ ታነሣው በነበረው ሥዕል ላይ አንድ ነጠብጣብ በምድር ላይ 14 ሜትር ገደማ የሚሆን ስፋት ይሸፍን ነበር። ወርዱና ቁመቱ 100 ሜትር የሆነ የትምህርት ቤት ግቢ በዚህ ሥዕል ላይ በአንድ ወገን 7 ነጠብጣብ፤ በጠቅላላው 49 ነጠብጣብ ያህል ብቻ ይሆናል። ይህን ሥዕል የቱንም ያህል ብናሳድገው 49 ትልልቅ አራት ማዕዘኖች እናያለን እንጂ የክፍላችን በር አይገለጥልንም። በነጠብጣብ ሥዕል ውስጥ ያልገባ ነገር በማሳደግ አይገኝም።

የመስመር ሥዕል ግን ሌላ ነው። በውስጡ የሚቀመጠው ቀለሙ ሳይሆን የአሠራሩ ደንብ ነው። ለምሳሌ ያህል የ«በ»ን ዙሪያ ብንወስድ ማዕዘኖቹ እያንዳንዳቸው በሁለት ቁጥር ይመዘገባሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፤ ሌላው ወደ ላይ ስንት እንደ ሆነ የሚነግር ነው። ከመነሻው 2 ወደ ቀኝና 3 ወደ ላይ ያለ ማዕዘን ፊደሉ አምስት ጊዜ እንዲያድግ ሲታዘዝ ወደ 10 እና ወደ 15 ይሄዳል። ሌሎቹም ሁሉ በ5 ይባዛሉ፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ እንደ ገና ይሰመራል። ሺህ ጊዜ ቢያድግም ጠርዙ አይሸረፍም፤ የሚባዛው ደንቡ ነውና።

ይህን ሐሳብ በኮምፒዩተር መስታወት ላይ በሥራ ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኢቫን ሰዘርላንድ ነው። እ. ኤ. አ. በ1963 በአሜሪካ አገር ለትምህርቱ ማሟያ ባቀረበው ሥራ ሰው በብርሃን ብዕር መስመር አስምሮ፤ የሣለውን ነገር ሊያሳድገው፤ ሊያሳንሰውና ሊያዞረው እንደሚችል አሳየ። ለቀጥተኛ መስመር ሁለት ጫፎች ይበቃሉ፤ ለጎባጣው ምን ይደረግ? መልሱ የመጣው ከፈረንሳይ አገር የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ነው። ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮየን፤ ፒየር ቤዚየርም በረኖ ሲሠሩ፤ የመኪናን አካል ጉብጠት በጥቂት ነጥቦች የሚመዘግብ ሒሳብ አገኙ። አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ. ኤ. አ. በ1984 ፖስትስክሪፕት የሚባለውን የኅትመት ቋንቋ ሲያወጣ ፊደልን በዚህ ሒሳብ ጻፈው። ስለዚህ ለመኪና ጉብጠት የታሰበው ሒሳብ ዛሬ የ«ሀ»ን ጎድጓዳና የ«ዐ»ን ክብ ተሸክሞ ይኖራል።

የእኛ ፊደልም ወደ ኋላ አልቀረም። ከ1980ዎቹ እ. ኤ. አ. ጀምሮ ፊደላችን በኮምፒዩተር እንዲጻፍ የደከሙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከነዚህም አንዱ በአሜሪካ አገር ሆነው የሠሩት ዶክተር አበራ ሞላ ናቸው። እ. ኤ. አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቁጥር ተሰጣቸው። ቀጥሎም በዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ኒያላ የሚባለው ፊደል ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ መምጣት ዠመረ። እ. ኤ. አ. በ2003 ደግሞ ኢንክስኬፕ የተባለው፤ ያለ ገንዘብ የሚገኝ የሥዕል መሣሪያ ወጣ። 231ዱን ፊደል ለእያንዳንዱ መጠን በእርሳስ ማስቀረጽ ቀርቶ፤ አንድ ተማሪ አንዱን ሥዕል ከቁልፍ እስከ ሕንጻ ድረስ እንደ ወደደ ሊያደርገው ቻለ።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ በእጁ ያለ ተማሪ ምን ማወቅ አለበት? በኢንክስኬፕ አንድን ሥዕል በጠቋሚው ሲነኩት በዙሪያው ስምንት ቀስቶች ይወጣሉ። የማዕዘኑን ቀስት ይዞ ሲጎትቱ ኮንትሮል የሚባለው ቁልፍ ከተያዘ ወርዱና ቁመቱ አብረው ያድጋሉ። ቁልፉ ካልተያዘ ግን አንዱ ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ የተሰቀሉትን ሰሌዳዎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ይህን በቀላሉ ያገኘዋል። ሰሌዳውን ለመሙላት ሲባል ወደ ጎን የተለጠጡ ፊደሎች አሉ፤ እግራቸው እንደ ግንድ ይወፍራል፤ አግድም ጭረታቸው ግን ባለበት ይቀራል፤ የ«ቤ» ቀለበትም እንቁላል ይመስላል። ሰሌዳው ሞልቷል፤ ፊደሉ ግን የራሱን መልክ አጥቷል።

ከዚህ የሚበልጠው ሌላው ምርጫ የመስመሩ ውፍረት ነው። መሣሪያው አንድ ጥያቄ አለው፤ ሥዕሉ ሲያድግ የመስመሩ ውፍረትም አብሮ ይደግ ወይስ እንዳለ ይቆይ? ለዚህ የተሠራ ምልክት በላይኛው ሰሌዳ ላይ አለ። ጥቅሙን በሒሳብ እንየው። ወርዱ 3 ሳንቲ ሜትር፤ የመስመሩ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የደረት ምልክት ለበዓል ቀን ወርዱ 3 ሜትር በሆነ ጨርቅ ላይ እንዲሣል ቢያስፈልግ እድገቱ 100 ጊዜ ነው። ውፍረቱ አብሮ ካደገ መስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከሜዳው ማዶ ይታያል። ውፍረቱ እንዳለ ከቀረ መስመሩ ያው 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሩቅ ያለ ሰው ባዶ ጨርቅ ያያል። ደግሞም ወርድ 100 ጊዜ ሲያድግ ስፋቱ 10,000 ጊዜ ያድጋልና ቀለም የሚገዛው ሰው ይህን ሳያስብ ወደ ገበያ አይውጣ።

እዚህ ላይ የብራናው ጸሐፊ ትዝ ይለናል። የመስመሩን ቁመት በወስፌ፤ የጭረቱን ውፍረት በመቃ ለየብቻ ይወስን አልነበረምን? ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀን ጥያቄ እርሱ ብርዑን በቀረጸ ቁጥር ይመልሰው የነበረው ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ጸሐፊው ሳይመልስ መጻፍ አለመቻሉ ነው፤ እኛ ግን ሳንመልስም እንጎትታለን።

ይህ ሁሉ የጌጥ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ ትንሹ ፊደል እንውሰደው። «ቡ» ጭረቱ በወገቡ ላይ ነው፤ «ቢ» ጭረቱ በእግሩ ላይ ነው፤ «ቤ» በእግሩ ላይ ቀለበት አለው። ካዕቡን ከሣልሱ፤ ሣልሱን ከኃምሱ የሚለየው ይህች ትንሽ ነገር ናት። ለሰሌዳ የተሣለው ፊደል በእኩል ተቀንሶ በእጅ ስልክ ወይም በመድኀኒት ወረቀት ላይ ሲገባ፤ ቀለበቱ ይደፈንና «ቤት» «ቢት» ይሆናል። «ለእሱ» እና «ለእሷ» የሚለያዩትም በአንዲት ጭረት ነው፤ የ«ሱ» በወገቡ፤ የ«ሷ» ከእግሩ በታች። ወጣት ዓይን ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፈዋል። ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ሕፃንና ዓይናቸው የደከመ አያት ግን መገመት አይችሉም፤ ያነቡታል ወይም ይተዉታል። የላቲን ፊደል አናባቢውን ራሱን በቻለ ፊደል ስለሚጽፍ ከዚህ ችግር ብዙውን ድርሻ ያመልጣል። የእኛው አናባቢውን በፊደሉ አካል ላይ ስለሚሸከም ማሳነስ ከማንም ይልቅ እኛን ይጎዳናል። ስለዚህ ጥበቡም ከማንም ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል።

መድኀኒቱም አለ። ፊደል የሚሥል ሰው አንዱን ሥዕል ለሁሉ መጠን ከማዋል ይልቅ፤ ለትንሽ መጠን የሚሆን ሌላ ሥዕል ሊያዘጋጅ ይችላል። በዚህኛው ቀለበቱ ሰፋ፤ ጭረቱ ረዘም፤ በእግሮቹ መካከል ያለውም ክፍት ተለቅ ይላል። እ. ኤ. አ. በ2016 ይፋ የሆነው ተለዋዋጭ ፊደል የሚባለው አሠራር ሁለቱን ሥዕሎች በአንድ ላይ ይዞ፤ እንደ መጠኑ በመካከላቸው ያለውን መልክ ራሱ እንዲያወጣ ተደርጎ የታሰበ ነው። መቃውን እንደ መጽሐፉ መጠን ይቀርጽ የነበረው ጸሐፊ ዕውቀት በሒሳብ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

የተከበራችሁ መምህሮቻችንና ወላጆቻችን፤ ፈተና ሲታተም፤ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፤ የምስክር ወረቀት ሲዘጋጅ፤ ፊደሉ በትክክለኛ መጠኑ ታትሞ ከአንድ ክንድ ርቀት ይነበብ እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢታይ መልካም ነው ብለን በአክብሮት እናሳስባለን። እናንተም ውድ ጓደኞቻችን፤ በኮምፒዩተር ሥዕል የምትሠሩ ሁሉ፤ ማዕዘኑን ይዛችሁ ከመጎተታችሁ በፊት ወርዱና ቁመቱ አብረው ይሂዱ እንደ ሆነ፤ መስመሩም አብሮ ይወፍር እንደ ሆነ ጠይቁ። ከእናንተም መካከል ፊደል የመሣል ስጦታ ያለው ቢኖር ለትንሹ መጠን የሚሆነውን የአማርኛ ፊደል አስቦ ይሣል፤ በዚህ ሥራ ላይ ገና ብዙ እጅ ያስፈልጋል።

ፊደላችን ከብራና ወደ እርሳስ፤ ከእርሳስ ወደ ቁጥር ሲሻገር ያልጠፋው በየዘመኑ ለትንሿ ጭረት የሚጠነቀቅ ሰው ስለ ነበረ ነው። በእኛም ዘመን ይህ ሰው እንዳይታጣ እየተመኘን፤ ለትምህርት ቤታችን መልካም በዓል እንላለን።